«ክሪስማስ»ና ገና፤ የበዓል ሰሞን እንግሊዝኛ ለሐረር ተማሪ

በየዓመቱ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ሳይቀር አንድ ዓይነት ቃላት ይጎርፉብናል፤ «ስኖው»፣ «ሳንታ ክሎዝ»፣ «ቺምኒ»፣ «ስቶኪንግ»፣ «ሚስልቶ»፣ «ካሮል» የሚሉት ናቸው። ተማሪው እነዚህን ለፈተና ሲል ያጠናቸዋል፤ ማጥናቱም መልካም ነው። ነገር ግን «ገና በአገሬ እንዴት ይከበራል» የሚል ድርሰት በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ በእጁ ያሉት ቃላት እነዚሁ ብቻ ይሆኑበትና የሐረሩን ገና ትቶ ያላየውን የለንደን ገና ይጽፋል። በድርሰቱ ውስጥ በረዶ ይወርዳል፤ ቤተሰቡ በእሳት ምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ልጆች ካልሲ ይሰቅላሉ። የሌሊቱ ቅዳሴ፣ ቅርጫው፣ ዶሮው፣ ነጠላው፣ በማለዳ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ የሚገባው ሙስሊም ጎረቤት አንዳቸውም የሉበትም። የቀሩት ተማሪው ስለማያውቃቸው አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ቃል ስላላገኘላቸው ነው።

እኛም ይህን ትምህርት ስናሰናዳ የተነሣንበት ሐሳብ ይህ ነው። የፈረንጁን የገና ቃላት ከነምንጫቸው እንወቃቸው፤ ከዚያ በኋላ የራሳችንን ገና፣ በጀጎል ውስጥና ከጀጎል ውጭ እንደሚከበረው፣ ሳናዛባ በእንግሊዝኛ መናገርን እንልመድ። ሐረር እንግዳ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። እንግዳውም የሚጠይቀን በዓይኑ ስላየው ነገር ነውና ከመጽሐፍ የሸመደድነው መልስ አይበቃውም። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን የጻፍነው ድምፁ እንዲያዝ ነው፤ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ መዝገበ ቃላት ገልጦ ማየት የአንባቢው ፈንታ ይሁን።

ከስሙ እንጀምር። «ክሪስማስ» ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ የፊተኛው ክርስቶስ፣ የኋለኛው «ማስ» ማለትም ቅዳሴ ነውና ትርጉሙ የክርስቶስ ቅዳሴ ማለት ይሆናል። በአጻጻፉ ውስጥ «ቲ» አለች፤ አትነበብም፤ «ክሪስትማስ» ብሎ ጠብቆ የሚያነብ ሰው አጻጻፉን እንጂ አነጋገሩን አልተማረም። አንዳንድ ጊዜ በአጭሩ በ«ኤክስ» ተጀምሮ ተጽፎ እናገኘዋለን። ይህን አይተው «ፈረንጆች የክርስቶስን ስም ሊያጠፉ ነው» ብለው የሚቆጡ አሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ኤክስ የምትመስለው ፊደል በግሪክኛ የክርስቶስ ስም የሚጀምርባት «ኪ» የምትባለው ፊደል ናት።

«ኖኤል» የሚለውም ስም በክሪስማስ ካርድ ላይ ይታያል። ይህ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ምንጩ ላቲን ሲሆን ልደት የሚለውን ሐሳብ ይዟል። «ናቲቪቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚያው ከላቲኑ ሥር የወጣ ነው። የእኛን «ገና» ደግሞ ሊቃውንት ልደት ከሚለው የግሪክኛ ቃል ያመጡታል። እንግዲህ ለትርጉም ከ«ክሪስማስ» ይልቅ «ናቲቪቲ» ለገና ይቀርባል ማለት ነው። ሳይጠነቀቅ በመዝገበ ቃላት «ገና» የሚለውን የሚፈልግ ተማሪ ግን «ገና አልመጣም» የምንልበትን ሌላውን «ገና» ሊያገኝና በዓሉን «የት» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ከዚህ ያድነን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰናክለን የወቅት ስም ነው። በትምህርት ቤት «ዊንተር» ክረምት፣ «ሰመር» በጋ ተብሎ ተነግሮናል። በፈረንጅ አገር ክሪስማስ በ«ዊንተር» ይውላልና ተማሪው ቃል በቃል ለውጦ «ገና በክረምት ይከበራል» ይላል። የሐረር ሰው ግን ክረምት ሲል ሐምሌንና ነሐሴን፣ ዝናቡንና ጭቃውን ማለቱ ነው። ገና የሚውለው በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት፣ የገበሬው ማሽላ በሚሰበሰብበት ወራት ነው። በጋን «ሰመር» ብንለው ደግሞ እንግሊዙ ስለ ሐምሌ ሙቀት የምንነግረው ይመስለዋል። የባሰው ነገር የሚገኘው በዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጠውን ትምህርት በአማርኛ «የክረምት ትምህርት»፣ በእንግሊዝኛ «ሰመር ፕሮግራም» እንለዋለን። ስለዚህ አንዱ ክረምት በመዝገበ ቃላት «ዊንተር»፣ በሬጅስትራር ቢሮ «ሰመር» ሆኖ ይገኛል! መውጫው ቀላል ነው። ክረምትን «ሬይኒ ሲዝን»፣ በጋን «ድራይ ሲዝን» ማለት ነው። «ጌና ፎልስ ኢን ዘ ድራይ ሲዝን» ያለ ተማሪ እውነቱን ተናገረ፤ የሰማውም አልተሳሳተም።

በረዶም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ በፊልም የምናየውንም በረዶ እንላለን። እንግሊዝኛው ይለያያል፤ በዝናብ ጊዜ ጣሪያ የሚደበድበው ጠጠር «ሄይል»፣ የረጋው ውኃ «አይስ»፣ እንደ ጥጥ እየበነነ የሚወርደው «ስኖው» ነው። ለመጨረሻው በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ እንዲያው ተረሳ እንጂ። በሐረማያ ከፍታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አልፎ አልፎ በአትክልት ላይ የሚወርደው ውርጭ ደግሞ «ፍሮስት» ይባላል። ስለዚህ የአካባቢያችንን የገና ብርድ መጻፍ ለሚፈልግ ተማሪ «ፍሮስት» የራሱ ቃል ነው፤ «ስኖው»ን ለባለቤቶቹ ይተውላቸው። «ኋይት ክሪስማስ» ማለት መሬቱ በአመዳይ የተሸፈነበት ገና ነው። በፈረስ መጋላ በመድኃኔ ዓለም ደጃፍ በገና ጧት የሚታየው ንጣት የነጠላና የጋቢ ነው።

ቀጥሎ የቀኑ ነገር ይመጣል፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እንግዳው «ገናችሁ ለምን ዘገየ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙው ተማሪ «ሌት» የሚለውን ቃል ከጠያቂው አፍ ተቀብሎ «የእኛ ገና ዘግይቶ በጃንዋሪ 7 ይከበራል» ይላል። መዘግየት የሚባል ግን የለም። ታኅሣሥ 29 በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ልክ ዲሴምበር 25 ነው። ሮም እ.ኤ.አ. በ1582 አቆጣጠሯን ስታሻሽል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በቀድሞው ቀጠለች፤ ከ1900 ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በዘመነ ዮሐንስ በዓሉን ታኅሣሥ 28 የምናከብረውም ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረ ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር ያው ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል።

እንግሊዞች ራሳቸው እስከ 1752 ድረስ የሚቆጥሩት በዚሁ በዩልዮስ ነበር። በዚያ ዓመት የሴፕቴምበር 2 ማግሥት ሴፕቴምበር 14 ሆነና 11 ቀን ከመካከሉ ወጣ። ከሕዝቡም ውስጥ አዲሱን ቀን አንቀበልም ብለው በቀድሞው ቀን ማክበራቸውን የቀጠሉ ነበሩ፤ ያንንም ቀን «ኦልድ ክሪስማስ» አሉት። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለእኛ ቀን የሚሆን ቃል ከራሱ ታሪክ አለው። ለጠያቂው «ኢት ኢዝ ኖት ሌት፤ ኢት ኢዝ ኦልድ ክሪስማስ ዴይ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ክርክሩን ማሸነፍ ከሚያስደስተው ሰው ይልቅ ነገሩን በትክክል ማስረዳት የሚወድ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ይያዘው።

ከዚህ ጋር ጥምቀትንም እናንሣ። መዝገበ ቃላት ሁሉ «ኤፒፋኒ» ይለዋል። ነገር ግን በምዕራብ አገር «ኤፒፋኒ» በጃንዋሪ 6 የሚውል የሰብአ ሰገል መታሰቢያ ነው፤ የእኛው ጥር 11 የጌታ መጠመቅ መታሰቢያ ነው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ሲመዘገብ «ኢትዮጵያን ኤፒፋኒ» ተብሎ ነው፤ «ኢትዮጵያን» የምትለው ቃል ባትጨመርበት ኖሮ አንባቢው ሰብአ ሰገልን ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ሰላምታው እንምጣ፤ የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል ይህ ነው። እንግሊዙ «ሜሪ ክሪስማስ» ይላል። «ሜሪ» ደስተኛ፣ ፍልቅልቅ ማለት ሲሆን ዛሬ ከዚህ ሰላምታ ውጭ ብዙ አይነገርም። ለአዲስ ዓመት «ሜሪ» አይባልም፤ «ሀፒ ኒው ይር» ነው የሚባለው። «ሀፒ ክሪስማስ» የሚሉም አሉ፤ ልክ ነው። «ሀፒ ሜሪ ክሪስማስ» የሚል ግን የለም፤ ምንም እንኳ ከተማችን ውስጥ በአንዳንድ ሱቅ መስተዋት ላይ ተለጥፎ ቢታይ።

የእኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ምኞት ነው፤ በዓሉ ደስ የሚል ይሁንልህ ይላል፤ የሚያየው ወደ ፊት ነው። የእኛው ወደ ኋላ ያያል፤ ዓመቱን ተጉዛችሁ፣ ከበሽታና ከአደጋ ተርፋችሁ ለዚህ ቀን በቅታችኋልና ደስ አለን ማለት ነው። «አደረሰ» የሚለውን ግሥ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ስሙ አይጠራም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ አንዳንድ ተማሪ ይህን ለመተርጎም ሲቸገር «ኮንግራቹሌሽንስ ፎር ክሪስማስ» ይላል። እንግሊዙ ይህን ሲሰማ ምን ፈተና አለፍኩ ብሎ ይደነቃል፤ ያ ቃል ለተመረቀ፣ ለተሾመና ለወለደ ሰው የሚነገር ነውና። ሐሳቡን ማስረዳት ከፈለግን «ዊ አር ግላድ ዩ ሃቭ ሪችድ ዚስ ዴይ» ብንል ይቀርባል፤ ሰላምታ መስጠት ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሀፒ ጌና» ይበቃል። መልሱ በአማርኛ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዘ ሴም ቱ ዩ» ይባላል። ሲነጻጸር ግን «አብሮ» የምትለዋ ቃል ወድቃ ቀርታለች፤ እንግሊዙ ለአንተም እንደዚሁ ይሁንልህ ሲል እኛ አንድ ላይ ደረስን እንላለን።

ይህች «አብሮ» በሐረር ምን ያህል ክብደት እንዳላት ማንም ያውቃል። በእንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ በዓል የተለየ ሰላምታ አለው፤ ለክሪስማስ ሌላ፣ ለፋሲካ ሌላ፣ ለኢድ ከዐረብኛ የተወሰደው «ኢድ ሙባረክ» ነው። በአማርኛ ለገና፣ ለመውሊድ፣ ለአረፋ፣ ለፋሲካ የምንለው አንድ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው፤ መልሱም አንድ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤት ለገና ሲመጣ የክርስቲያኑን እምነት ተቀብሎ አይደለም፤ ጎረቤቱ ለቀኑ በመድረሱ ደስ ብሎት ነው፤ ቃሉም ከዚህ በላይ አያስገድደውም። ስለዚህ አንድ የውጭ ሰው «ሙስሊሞች እንዴት ሜሪ ክሪስማስ ይላሉ?» ብሎ ቢጠይቀን የተባለው «ሜሪ ክሪስማስ» አለመሆኑን ማስረዳት አለብን። ቃሉን በእንግሊዝኛው ልብስ ካለበስነው የሌለ ነገር ተናገርን ማለት ነው።

በዚህች ከተማ ገና ለሁሉ ሰው አንድ ትዝታ ብቻ እንደማያመጣም መርሳት አይገባም። የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸንፎ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1887፣ በዚሁ በገና ሰሞን ነው፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ፈረስ መጋላ ላይ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ለእንግዳ ስናስረዳ ይህንንም ሳንሸፍን፣ ሳናጋንንም መናገር ይቻላል። «አብሮ» የሚለው ቃል ዋጋ ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለሚባል ነው።

ወደ ማዕድ እንሻገር። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ይጾማል፤ በእንግሊዝኛ የምዕራቦቹ የገና ዝግጅት ወራት «አድቬንት» ስለሚባል ብዙዎች ጾሙን በዚህ ስም ይጠሩታል። ዛሬ ግን በምዕራቡ «አድቬንት» ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ለልጆች ቸኮላት የተሞላ የቀን መቁጠሪያ ነውና «ዘ ፋስት ኦፍ ዘ ፕሮፌትስ» ማለት ይሻላል። «ፋስት» ጾም ነው፤ ፈጣን ማለትም ነው። ሁለቱ የተገናኙት ጥንት ቃሉ ጠበቅ አድርጎ መያዝን ያመለክት ስለ ነበር ነው። «ብሬክፋስት» የምንለው ቁርስ ሲፈታ ጾም መግደፊያ ማለት መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ መግደፋችንን «ዊ ብሬክ ዘ ፋስት አፍተር ዘ ናይት ሊተርጂ» እንላለን። በረመዳን ሙስሊሙ ጓደኛችን ሲያፈጥርም ግሡ ይኸው ነው።

«ፊስት» ሲባል ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አናባቢው ረዘም ሲል በዓል ወይም ድግስ ነው፤ ሲያጥር የተጨበጠ እጅ፣ ቡጢ ይሆናል። በአማርኛ ይህን የማስረዘም ልማድ ስለሌለን እንግዳውን ለድግስ ጠርተነው ለቡጢ የጠራነው ይመስለዋል። ከዚህ ጋር «ቦክሲንግ ዴይ»ን ብንጨምርበት ነገሩ ይብሳል፤ በእኛ አማርኛ ቦክስ ያው ቡጢው ነውና። ዲሴምበር 26 ግን የቡጢ ቀን አይደለም። «ቦክስ» እዚህ ላይ ሣጥን ነው፤ በእንግሊዝ አገር በበዓሉ ሰሞን ለአገልጋዮችና ለመልእክተኞች የሚሰጥ ስጦታ «ክሪስማስ ቦክስ» ይባል ስለ ነበር ቀኑ ስሙን ከዚያ አገኘ።

ዶሮ ወጥ «ቺክን ስቱ» ነው፤ 12 ብልት እንደሚወጣውም መጨመር ነው። ቅርጫ በእንግሊዝኛ ስም የለውም። «ዊ ቦት ኤን ኦክስ ቱጌዘር ኤንድ ዲቫይድድ ዘ ሚት» ብሎ መግለጥ እንጂ አንድ ቃል መፈለግ ድካም ነው። ለሙስሊም ጎረቤት በሙስሊም እጅ የታረደ ለይቶ ማሰናዳትን ለማስረዳት «ሃላል» የሚለው ቃል ዛሬ የእንግሊዝኛም ቃል ሆኗልና አያስቸግርም። እንግሊዞች በክሪስማስ የሚበሉት «ተርኪ» የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ከቱርክ አገር አልመጣም፤ የአሜሪካ ወፍ ነው። አስቀድሞ በዚህ ስም ይጠሩ የነበረው በቱርኮች አገር በኩል ወደ አውሮፓ የሚገባውን ጅግራን ነበር፤ አዲሱ ወፍ ሲመጣ ስሙን ወሰደበት። ጅግራ እንግዲህ የአፍሪካ፣ የእኛው ቆላ ወፍ ነው፤ ስሙን ከተቀማ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ከገና ቃላት ሁሉ ለሐረር ሰው ቅርብ የሆኑት ሁለቱ በመማሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ችላ ተብለው የሚታለፉት ናቸው። «ፍራንኪንሴንስ»ና «መር»፤ ዕጣንና ከርቤ። ሰብአ ሰገል ይዘዋቸው መጡ የተባሉት እነዚህ፣ በጀጎል ገበያ በቁና ተዘርግተው የሚሸጡ ናቸው። ከዕጣን ዛፎች አንዳንዶቹ በትግራይና በጎንደር ቆላ፣ ሌሎቹ በምሥራቅ በሶማሌ ቆላ ይበቅላሉ፤ ከርቤውም ከዚያው ከምሥራቁ ነው። «ፍራንኪንሴንስ» ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ንጹሕ፣ ምርጥ ዕጣን ማለት ነው። ተራው ዕጣን «ኢንሴንስ» ነው፤ ድምፁ በመጀመሪያው ላይ ይጠብቃል። በኋለኛው ላይ ከጠበቀ ግን ማስቆጣት የሚል ግሥ ይሆናል፤ ሁለቱም ማንደድ ከሚል የላቲን ቃል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ከሰል ላይ፣ ሌላው ሰው ላይ።

«መር» ሲጻፍ ኤም፣ ዋይ፣ አር፣ አር፣ ኤች ነው፤ ለፈተና የሚያጠና ሰው ይህን አምስት ጊዜ ይጻፈው። አስገራሚው ግን ምንጩ ነው። ቃሉ በግሪክና በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ይግባ እንጂ ሥሩ ሴማዊ ነው፤ በዐረብኛ «ሙር» መራራ ማለት ነው። የእኛም «መራራ» ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው የገና ንባብ ውስጥ ከሁሉ የከበደን የመሰለን ቃል የእኛው የቤት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ግርግም «ሜይንጀር» ይባላል። አንዲት «ኤ» ተጨምራበት ከተጻፈ «ማኔጀር» ይሆንና ሕፃኑ ኢየሱስ በሥራ አስኪያጅ ላይ ተኛ የሚል ነገር ይወጣል። በረት «ስቴብል» ነው። ቤተ ልሔም ትርጓሜው የእንጀራ ቤት መሆኑን እናውቃለን፤ በየቤተ ክርስቲያናችንም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት በዚህ ስም ይጠራል። በእንግሊዝኛ ከዚህ ስም «ቤድለም» የሚል ቃል ወጥቷል፤ ሁካታ፣ ትርምስ ማለት ነው። በለንደን በቤተ ልሔም ስም የተሰየመ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበርና ከዚያ ተወሰደ።

ስለ «ሳንታ ክሎዝ» ብዙ አንልም። «ክሎዝ» ኒቆላዎስ ከሚለው ስም የተቆረጠ ነው፤ በሰዋስው ከምንማረው «ክሎዝ» ጋር በድምፅ እንጂ በአጻጻፍ አንድ አይደለም። እንግሊዞች «ፋዘር ክሪስማስ»፣ አሜሪካኖች «ሳንታ ክሎዝ» ይሉታል። በዚህ አካባቢ የአሜሪካኑ መለመዱ አያስገርምም፤ የዓለማያ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን እርዳታ ቆሞ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ እዚሁ ሲያስተምር፣ በ1962 ደግሞ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። በሐረር የጦር አካዳሚ ያስተምሩ የነበሩት ግን ሕንዶች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው የእንግሊዝ ነበር። ስለዚህ «ሆሊዴይ»ና «ቬኬሽን» በአንድ ከተማ ሁለቱም ተሰሙ። «ሆሊዴይ» ቀድሞ ቅዱስ ቀን ማለት ነበረ፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ዕረፍትንም ይጠሩበታል። ደግሞም የሐረሪ ቤት ጠፍጣፋ ጣሪያ እንጂ «ቺምኒ» የለውም፤ ሽማግሌው ቢመጣም በበሩ አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ ከመግባት በቀር መንገድ የለውም።

ስለ ዛፉ አንድ ነገር እንበል። ጥድን «ፓይን» ብሎ መተርጎም ልማድ ሆኗል፤ ስሕተት ነው። የአገራችን ጥድ «ጁኒፐር» ነው፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለው «ሳይፕረስ» ነው። «ሚስልቶ» እንግዳ ቃል ቢመስልም ዘመዶቹ በአገራችን ዛፎች ላይ ሞልተዋል፤ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ተቀጽላ ነው።

«ካሮል» ዛሬ የገና መዝሙር ነው፤ ጥንት ግን ክብ ሠርተው እየጨፈሩ የሚያዜሙት ነበር። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመውን የገና ታሪክ «ካሮል» ብሎ ሰይሞ ምዕራፎቹን «ስቴቭ» ማለቱ ከዚህ የዜማ ነገር የተነሣ ነው፤ በመጽሐፉ ያለው ቋጣሪ ስክሩጅም ስሙ ዛሬ የማንኛውም ንፉግ መጠሪያ ሆኗል። በላሊበላ ካህናቱ በገና ቀን የሚያቀርቡትን ቤዛ ኩሉ «ካሮል» ማለት ግን አያደርስም። ከበሮው «ድራም»፣ ጸናጽሉ «ሲስትረም»፣ መቋሚያው «ፕሬየር ስታፍ» ነው፤ አገልግሎቱን ግን በስሙ ጠርቶ ማስረዳት ይሻላል። የገና ጨዋታንም «ሆኪ» ከማለት «ኤ ጌም ላይክ ሆኪ» ማለት ይገባል።

በስም ጠርቶ ማስረዳት ይቻላልን? የሐረሪዎች ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ሲመዘገብ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም የተጻፈው «ሹዋሊድ» ተብሎ ነው። ትርጓሜው ከስሙ ቀጥሎ ተነገረ እንጂ ስሙን አልተካውም። ለገናም ይኸው መንገድ ክፍት ነው።

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አንባቢ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳቸው። «ዊንተር»፣ «ሌት»፣ «ኮንግራቹሌሽንስ»ና «ፓይን» በመልሱ ውስጥ አይገኙ።

አንደኛ፤ ገና የሚውለው በበጋ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው።

ሁለተኛ፤ አጎቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ገባ።

ሦስተኛ፤ እናቴ ለሙስሊም እንግዶቿ የተለየ ድስት ጣደች፤ ከርቤና ዕጣንም ከገበያ አስገዛች።

አራተኛ፤ ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ገደፍን፤ ከዚያም አያቴ ጥድ ጎዝጉዛ ቡና አፈላች።

አምስተኛ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» አሉ ጎረቤታችን ሐጂ ከደጅ ሆነው። «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ይግቡ እንጂ» አለቻቸው እናቴ።